ብሎኑ የላላ፣ ፍሬን የበጠሰ፦ ለአንባቢያን የቋንቋ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ሰፈር የሚውሉ ናቸው። ከጋራዥና ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ወጥተው ሰው ላይ ስለተለጠፉ ቃላት ይጠይቃሉ። አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ሲቀላለዱ «ብሎኑ ላልቷል» ይባባላሉ። በእኛ ጊዜ «ነካ ያደርገዋል» ነበር የሚባለው። ቃሉ ከየት መጣ? ስድብ ነው ወይስ ቀልድ? (እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ቀልድ ነው ወይስ ስድብ የሚለውን የሚወስነው ከብሎን ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ነው። ልጆችዎ «ላልቷል» ካሉ ቀለል ያለውን መርጠዋል። ብሎን ሲላላ ምን እንደሚሆን ያስቡ። ዕቃው ሙሉ ነው፤ ከቦታው የጠፋ ነገር የለም። ሁለቱን ቁራጮች አጣብቆ የያዘው ኃይል ብቻ ስለቀነሰ ይንኳኳል፣ ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም ባልታሰበ ሰዓት ይጮኻል። ሰው ላይ ሲመጣም ትርጉሙ ይኸው ነው። ጤነኛ ነው፣ ግን ከመሀል ያልተጠበቀ ነገር ያደርጋል ወይም ይናገራል። የላላ ይጠብቃልና ነቀፌታው መመለሻ አለው። ጓደኛ ለጓደኛው «ብሎንህን አጥብቅ» ሲል ሁለቱም የሚስቁት ለዚህ ነው።

«አንድ ብሎን ጎድሎታል» ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ መፍቻ አይበቃም፣ ከመደብር ገዝቶ መተካት ያስፈልጋል። ስለዚህ የአንድ ቀን አመል ሳይሆን የሰውየውን ተፈጥሮ ነው የሚነካው። «ብሎኑ ወልቋል» ደግሞ ከሁለቱም ይከብዳል፤ ብሎኑ ወጥቶ መንገድ ላይ ወድቋል፣ የያዘውም ነገር ተከትሎት ሊወድቅ ነው ማለት ነው። መካኒክ ሦስቱን ሲሰማ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ይታዩታል፤ የአራዳ ልጅም በንግግሩ ይህንኑ ልዩነት ይጠብቃል። የመንገድ ቋንቋ ዝም ብሎ የተወረወረ ይመስለናል እንጂ የዕቃውን ጠባይ አብሮ ይዞ ነው የሚዞረው።

ሥዕሉ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞችና ጀርመኖችም ስለ ሰው «ብሎኑ ላልቷል» ይላሉ። ጣሊያኖች ወፈፍ ያለውን ሰው «ስቪታቶ» ይሉታል፣ ብሎኑ የተፈታ እንደማለት፤ በሰዓት ሆድ ውስጥ ያለችውን ጥርሳም ጎማ አስበውም «አንዲት ትንሽ ጎማ ጎድላዋለች» ይላሉ። የእኛው አባባል ግን ለምን ቶሎ ሥር ያዘ ቢሉ፣ «ላላ» ብሎን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ሰው ላይ ይሠራ የነበረ ቃል ነው። ወገቡ ላላ፣ አቋሙ ላላ፣ ፍቅራቸው ላላ፣ ቁጥጥሩ ላላ እንላለን። ብሎን የተባለው እንግዳ ሲደርስ ቤቱ ተሠርቶ ነው የጠበቀው።

አንድ ነገር ለልጆችዎ ቢነግሩልን ደስ ይለናል። የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ይህን ቃል መጠቀም ያስከፋል፣ ትክክልም አይደለም። የላላ ብሎን በአንድ ደቂቃ በመፍቻ ይጠብቃል፤ የታመመ ሰው ግን ሐኪም፣ መድኃኒት፣ ጊዜና ቤተሰብ ነው የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ «ብሎን» የሚለው ቃል ጣሊያንኛ ነው ወይስ ፈረንሳይኛ? ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረንበታል። (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሥሩ ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳዮች «ቡሎን» ይሉታል፤ ኳስ ወይም ድቡልቡል ነገር ማለት ከሆነው «ቡል» የተገኘ ሲሆን፣ ስያሜውን የሰጠው የብሎኑ ድቡልቡል ራስ ነው። ጣሊያኖች ቃሉን ከፈረንሳይ ወስደው «ቡሎኔ» አደረጉት። ስለዚህ ክርክራችሁ መሆን ያለበት ቃሉ በየትኛው በር አዲስ አበባ ገባ በሚለው ላይ ነው።

ሁለቱም በሮች ክፍት ነበሩ። የፈረንሳዮቹ የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሐዲድ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በብሎን የተያያዘ ሥራ ነው። የጣቢያው ሰፈር እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ «ለገሃር» ይባላል። ጣሊያኖቹ ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዙ ካሚዮንና ጋራዥ አመጡ። መርካቶና ፒያሳ ስማቸውን ያገኙት ከጣሊያንኛ ነው። ካዛንቺስም ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት ምህጻረ ቃል ጋር «ካዜ» ማለትም «ቤቶች» ተጣምሮ የመጣ ነው።

ለፈረንሳይኛው በር የሚከራከር ሰው የቃላቱን መጨረሻ ያሳያል። ከጣሊያንኛ የመጡ የሙያ ቃላት የመጨረሻ አናባቢያቸውን አይጥሉም፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ካንዴላ፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ። «ብሎን» እና «ፍሬን» ግን በፈረንሳይኛው ልክ ተቆርጠው ቆመዋል። ለጣሊያንኛው የሚከራከረው ደግሞ «ፍሪሲዮን»ን ያነሳል፤ ጣሊያንኛው «ፍሪስዮኔ» ነውና በ«ኔ» የሚያልቅ ቃል አማርኛ ውስጥ ጅራቱን ሊጥል እንደሚችል ያስረዳል። እኛ ወደ ባቡሩ እናዘነብላለን። ብሎኑን ጠበቅ አድርጎ የያዘው «ዳዶ» እና ከሥሩ የሚነጠፈው «ሮንዴላ» ግን ያለ ክርክር በጣሊያን ጋራዥ በኩል የገቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ «ብሎኑ ይጠብቃል» ብዬ ስጽፍ ተማሪዎቼ «ማንን?» ብለው ሳቁ። ስሕተት ነው? (መምህር፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ስሕተት አይደለም፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ የመጣ ነው። «ብ» ላልታ ስትነበብ ጥብቅ ይሆናል ማለት ነው፣ ጠብቃ ስትነበብ ግን ይቆያል ወይም ዘብ ይቆማል። «ምስማር ሲመቱት ይጠብቃል» የሚባለውን አባባል ማንም ሰው «ብ»ን አላልቶ ነው የሚያነበው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ይገኛል እንደሚሆነው ሁሉ ማለት ነው። ልብ ይበሉ፣ የሰዋስው ሊቃውንት ራሳቸው ለዚህ ጉዳይ የመረጧቸው ቃላት «ይጠብቃል» እና «ይላላል» ናቸው። «ላላ» የሚለው ቃል ራሱ ግን ሁለተኛው «ላ» ጠብቆ ነው የሚነበበው።

ጥያቄ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ብሎን እሸጣለሁ። «የላላ ይጠብቃል» ይባላል እንጂ ደንበኞቼ አጥብቀውት በሳምንቱ ተመልሶ እየላላ ይመጣሉ። ቃሉ ዋሽቷል ማለት ነው? (ነጋዴ)

መልስ፦ ቃሉ አልዋሸም፤ ያጠበቁት መስሏቸው ያላጠበቁት ደንበኞችዎ ናቸው። ጥያቄዎ ለመጀመሪያዋ ጠያቂያችንም ስለሚጠቅም ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን።

ብሎን ሲጠብቅ እንደ ላስቲክ በጥቂቱ ይሳባል። የሚይዘው ያ መሳብ ነው። ተመልሶ ለማጠር ስለሚፈልግ ሁለቱን ቁራጮች እርስ በርስ ይጨምቃል፤ ጭምቀቱም በጥርሶቹ መካከልና ከዳዶው ሥር ሰበቃ ፈጥሮ ዳዶው እንዳይዞር ያግዳል። መፍቻው ላይ ከምናሳርፈው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከራሱ ሥር ባለው ሰበቃ፣ 40 በመቶ ገደማው በጥርሶቹ ሰበቃ ያልቃል። ለመጨመቅ የሚተርፈው 10 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ዝገት፣ ቀለም ወይም አሸዋ ካለበት ያቺ 10 በመቶም ትጠፋለች። መፍቻው «ጠብቋል» ይላል፣ ብሎኑ ግን አልተሳበም።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት ብሎንን ከሁሉ በላይ የሚፈታው ወደ ጎን የሚመጣ ንዝረት መሆኑን አሳይቷል። የተጣበቁት ቁራጮች ወደ ጎን በጥቂቱ ከተንሸራተቱ ሰበቃው ለቅጽበት ይጠፋል፣ ዳዶውም በራሱ ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ መድኃኒቱ ቁራጮቹ እንዳይንሸራተቱ አድርጎ መጨመቅ ነው። ለደንበኛዎ እንዲህ ብለው ያስረዱት፦

መጀመሪያ ዳዶውን በጣት ያዙረው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት ብቻ መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ጥርሱ ተበልቷል ወይም ተጣሞ ገብቷል ማለት ነውና ቢያጠብቀውም አይረባም፣ ይለውጠው። ቀጥሎ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ያጽዳ፤ ብሎኑና ሮንዴላው የሚያርፉበትን ቦታም ከቀለምና ከዝገት ያንጻው። ርዝመቱ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ የሚተርፍ ይሁን።

ከዚያ የብሎኑን ራስ ይይ። 8.8 የሚል ጽሑፍ ካለው ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ከመሳብ አልፎ እስኪበጠስ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል ይችላል። ጽሑፍ የሌለው ለአጥርና ለመደርደሪያ ይሆናል እንጂ ለሞተር ማሠሪያ አይሆንም። ደረቅ የ8.8 ብሎን ሲያጠብቁ ኤም 8 ለሚባለው፣ ማለትም 13 ቁጥር መፍቻ ለሚይዘው፣ 25 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል። የ20 ሴንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 12 ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት እንደማንጠልጠል ነው። 17 ቁጥር መፍቻ የሚይዘው ኤም 10 የዚህን እጥፍ፣ 49 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይፈልጋል። 19 ቁጥር የሚይዘው ኤም 12 ደግሞ 85 አካባቢ። ቧንቧ ሰክቶ መፍቻውን የሚያስረዝም ሰው ይህን ሒሳብ ሳያውቅ ጥርስ ይበላል፣ አለዚያም ብሎኑን አንገቱ ላይ ይቆርጠዋል። ዘይት ቀብቶ በዚያው ጉልበት ማጥበቅም እንዲሁ ነው። ሰበቃው ስለሚቀንስ ብሎኑ ከሚችለው በላይ ይሳባል።

ብዙ ብሎን ያለው ነገር በአንድ ዙር አይጠብቅም። ሁሉንም በእጅ፣ ከዚያ በግማሽ ጉልበት፣ በመጨረሻ በሙሉ ጉልበት፣ ሁልጊዜም በትይዩ ያሉትን እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው። የመኪና ጎማም ሕጉ ይኸው ነው፤ ለምሳሌ ለቶዮታ ኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ እንደገና መፈተሽ አለበት። አዲስ የተጨመቀ ነገር ትንሽ ይረግባልና።

ስፕሪንግ ሮንዴላ ብዙ ሰው የሚተማመንበት ዕቃ ነው፣ ግን ብሎኑ በደንብ ሲጠብቅ ሮንዴላው ሙሉ በሙሉ ተደፍጥጦ ተራ ሮንዴላ ይሆናል፤ በዩንከር ዓይነት ፈተናም መፈታትን አያቆምም። ከእሱ ይልቅ ናይለን ያለው ዳዶ ይሽጡ፣ አንዴ ከተፈታ ግን አዲስ ይተካ፣ ጭስ ማውጫ አጠገብም ናይለኑ ስለሚለሰልስ አይግባ። የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ የሚገዛ ካለ ሰማያዊውን ይስጡት። በእጅ መፍቻ ይፈታል። ቀዩን የወሰደ ሰው ለመፍታት እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ ሊኖርበት ነው። በመጨረሻ ከዳዶው ወደ ብረቱ የሚያልፍ አንድ የቀለም መስመር ያስምር። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፣ መፍቻ ሳያነሳ በዓይኑ ያያል።

ጥያቄ፦ ሰው ከልክ ሲያልፍ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ፍሬን ይበጠሳል እንዴ? ይቃጠላል፣ ያልቃል እንጂ። (የታክሲ ሾፌር፣ ከለገሃር)

መልስ፦ ግሩም ጥያቄ ነው፤ የቃሉም ቁልፍ ያለው «በጠሰ» ላይ ነው። የሚበጠስ ነገር ገመድ፣ ጠፍር፣ ክር ነው። የብስክሌት ፍሬንና የመኪና የእጅ ፍሬን በሽቦ ገመድ ስለሚሠሩ በእርግጥ ይበጠሳሉ። የእግር ፍሬን ግን በዘይት ነው የሚሠራው፤ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል እንጂ የሚበጠስ ገመድ የለውም። ታዲያ ግሱ ከየት መጣ?

ከፈረስ ነው የምንለው። ፈረንሳይኛው «ፍሬን» እና ጣሊያንኛው «ፍሬኖ» ሁለቱም የወረዱት «ፍሬኑም» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም ልጓም ነው። ጣሊያንኛው ዛሬም ሁለቱንም ትርጉም ይዟል። አማርኛ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ያልተገራ አንደበት ያለውን «ለአፉ ልጓም የለውም» ይላል፣ የሸመጠጠውን ፈረስም «ልጓሙን በጠሰ» ይለዋል። መኪና ሲመጣ ልጓም ስሙን ቀይሮ ፍሬን ተባለ፤ «በጠሰ» ግን በቦታው ቀረ። ፈረንጅ ልጓምን ወስዶ የማሽን ክፍል አደረገው፣ እኛ የማሽኑን ክፍል ተቀብለን መልሰን ሰው አፍ ላይ አኖርነው። ይህን ያህል ርቀት ተጉዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ቃል ጥቂት ነው።

አጠቃቀሙንም ይለዩ። «ፍሬን የለውም» የሰውየውን ዘወትር ያለ ጠባይ ይናገራል፤ «ፍሬን በጠሰ» ግን የአንድ ሰዓት ድርጊት ነው። ሁልጊዜ ነቀፌታ አይደለም። ሙዚቀኛ መድረክ ላይ «ፍሬን በጠሰ» ከተባለ ተወድሷል። «ፍሬን ያዝ» ደግሞ ንግግሩን ወይም ወጪውን የሚያበዛ ሰው ሲገሠጽ ነው።

ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው። በቁልቁለት «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው አደጋ ብዙውን ጊዜ ምንም ነገር ተበጥሶ አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው እንጦጦ 2,400 ሜትር ገደማ ወዳለው መሀል ከተማ ሲወርዱ እግር ከፍሬን ላይ ካልተነሳ ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲገባበት ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ከ205 ወደ 140። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይታመቃል እንጂ ግፊቱን ወደ ጎማው አያደርስም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ የሚሰምጠው በዚህ ምክንያት ነው። ገመድ ሲበጠስ ድንገት ነው፣ ይህኛው ግን አስቀድሞ ይናገራል። ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ መኪናው ለመቆም ይዘገያል።

ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ማርሽ ይቀንሱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልዎታል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ሳይሆን ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ እየረገጡ ይልቀቁት። ዘይቱን በ2 ዓመት አንዴ ያስቀይሩ። ፔዳሉ ከሰመጠ ደጋግመው ይምቱት፣ ማርሹን እየቀነሱ ይውረዱ፣ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ ይሳቡት። በአንድ ጊዜ ከተሳበ የኋላ ጎማ ይቆልፍና መኪናው ይዞርብዎታል።

ጥያቄ፦ ካቻቢቴ ነው ወይስ ካቻቪቴ? ለማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። (ከመርካቶ፣ ሶማሌ ተራ)

መልስ፦ «ካቻቢቴ» ብለው ይጻፉ፤ ገዢው የሚለው እንደዚያ ነው። ጣሊያንኛው «ካቻቪቴ» ሲሆን «ካቻ» መግፋት፣ «ቪቴ» ጥርስ ያለው ሚስማር ነው። «ቪቴ» በጣሊያንኛ የወይን ሐረግም ነው፤ ምሰሶ ላይ ተጠምዝዞ የሚወጣውን የሐረጉን ጅማት አይተው ነው ለብረቱ ያንኑ ስም የሰጡት። አናጺዎቻችን «ቪስ» የሚሉትም የዚሁ የላቲን ሐረግ የፈረንሳይ ቅርንጫፍ ነው። ሰሌዳው ላይ የራሱን ቅርጽ ለይተው ቢጽፉ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ብለው፤ የመስቀሉንም ቁጥር ይጨምሩበት። ለመስቀል ቁጥር 2 የተሠራ ራስ ላይ ቁጥር 1 የሚያስገባ ሰው የብሎኑን ራስ ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ መፍታት ያስቸግራል።